የሬከርድ ክፍሉን ዲስክ የቀየርን ጊዜ

በማስተምርበት የደብረ ታቦር ትምህርት ቤት፣ የሬከርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ጠዋት ማብሪያው ተጭኖ እስኪከፈት ድረስ ሰው ቁጭ ብሎ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይጨርስ ነበር። ይህን የማውቀው የክፍሉ ሠራተኛ በየቀኑ ሲያደርጉት ስላየሁ ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ገደማ የቀራቸው ሴት ናቸው። በግቢው ያለ መምህርም ተማሪም «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቁልፋቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ ያወጣሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ኮምፒውተሩን አብርተው ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ትንሿን መጽሐፍ ይገልጣሉ። ደግመው ጨርሰው መጽሐፏን ሲስሙ፣ ማሽኑ ገና ማጓራቱን አብርዶ ስክሪኑ ላይ አንዳንድ ነገር ማሳየት ይጀምራል።

እኔ የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ከሬከርድ ክፍሉ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ያን ዓመት ሚያዝያ ላይ የራሴን ላፕቶፕ ዲስክ ቀይሬ ነበር። ላፕቶፑ አርጅቶ፣ አንድ ፈተና አርቅቄ እስካስቀምጥ ትዕግሥቴን ይጨርሰው ነበር። የጠየቅኩት ሁሉ «ሽጪውና አዲስ ግዢ» አለኝ። እኔ ግን አንድ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ከባሕር ዳር ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ አስመጣሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ላፕቶፑን ገልብጬ ፈታሁት። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀቱ ላይ ደረደርኳቸው። ጠቅላላ ሥራው ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ላፕቶፑ ሲነሣ የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ጣቴን ከማብሪያው ሳላነሣ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሎን ያለው ነገር አይቼ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«የእርስዎንም ብንቀይረው ውኃ ሳይፈላ ይከፈታል» አልኩ።

«ተይኝ እባክሽ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና መጽሐፋቸውን ገለጡ።

«ሰዉ እኮ ውጭ ዝናብ እየመታው ነው የሚጠብቅዎት።»

«ይጠብቅ። እዚያ ውስጥ ያለው የሰው ዕድሜ ነው፤ ድንች አይደለም እየገለበጥሽ የምታይው።»

ልክ ነበሩ። እዚያ ውስጥ ያለው በትምህርት ቤቱ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ውጤት ነው። ሰው ሥራ ሲያገኝ፣ ኮሌጅ ሲገባ፣ መረጃው ሲጠፋበት፣ ከጋይንትም ከእብናትም ተነሥቶ የሚመጣው ወደዚያች ክፍል ነው። እትዬ አምነው የማይሰጡኝ እኔን ንቀው እንዳልሆነ ገብቶኝ ነገሩን ተውኩት።

ሐሳባቸውን የቀየረው ሐምሌ ላይ የሆነው ነገር ነው። ትምህርት ተዘግቶ ግቢው ባዶ ነበር፤ እኔ የክረምት ሥልጠና ስለነበረኝ ነው የመጣሁት። ከአንበሳሜ የመጣች አንዲት ሴት ገና በጠዋቱ በሬከርድ ክፍሉ በር ቆማ አገኘኋት። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ባሕር ዳር ለኮሌጅ ልትመዘገብ ትራንስክሪፕት ያስፈልጋታል፤ ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ኮምፒውተሩን አበሩት። ያን ቀን ማሽኑ ከወትሮው ባሰ። ግማሽ ድረስ ተነሣና ቆመ። አጠፉት፣ እንደገና አበሩት። ሦስተኛው ላይ እኔን ጠሩኝ። እኔም ከመጠበቅ በቀር የምሠራው አልነበረኝም። ከውስጡ የሚሰማው ድምፅ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ ይመስል ነበር።

ወረቀቷ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ሲያርፍበት ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ መናኸሪያ ሄዳ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ጠብቃ፣ ባሕር ዳር በሰዓቱ እንደማትደርስ ሦስታችንም እናውቃለን። ሴቲቱ አልተቆጣችም። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቀለለች፣ ጎንበስ ብላ የእትዬን ትከሻ ሳመችና ዝናቡ ውስጥ ገባች።

እትዬ ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። በሳምንቱ ክፍሌ ድረስ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ያ የላፕቶፕሽ ነገር» አሉኝ፣ «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ።»

ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። አሮጌው ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሃንና ሰሃኑን እየተከተለ የሚያነብ ቀጭን ክንድ እንዳለው፣ ዓመታት ሲሽከረከር እንደሚደክም፣ አዲሱ ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር እንደሌለው ነገርኳቸው።

«የማይንቀሳቀስ ነገር እንዴት ይፈጥናል?»

«ፈልጎ አይሄድማ። ሁሉንም ካለበት ሆኖ ያቀብላል።»

«እሱ እንኳ እውነት ነው» አሉ፣ «ሮጦ የሚፈልግ ሰው ነው ቤቱን የሚያዘበራርቀው። ግን አንዲት ነገር ብትጠፋ ወየውልሽ።»

«አትጠፋም።»

ይህን ስል ፍጹም እርግጠኛ ነበርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ አብረን ገባን። ከእኔ ጋር ዓመታት ሒሳብ ያስተማረ፣ በቅርብ የተሾመ ሰው ነው፤ አንተና አንቺ ነን። ነገሩን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ከባሕር ዳር ባለሙያ እናስመጣ።»

«ባለሙያው መጥቶ የሚሠራው እኔ የምሠራውን ነው» አልኩት። «መጀመሪያ ግልባጭ ይወሰዳል፤ ከዚያ አሮጌው ዲስክ ምንም ሳይነካ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ካልተሳካ መልሼ እሱኑ እሰካዋለሁ።»

«የተማሪ ሬከርድ ቢጠፋ የሚጠየቀው ማነው?»

«እኔ።»

«በቃል አይደለም።»

ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስቤ እዚያው ጻፍኩና ፈረምኩ። እትዬ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አነበቡ፤ ብዕሩንም ተቀብለው ከስሜ በታች የራሳቸውን ፊርማ አኖሩ። ርዕሰ መምህሩ ሁለታችንንም አየና ሳቀ። «ሐሙስ ክፍሉን ዝጉና ሥሩት» አለ። የግዥው ነገር እስኪያልቅ ደግሞ ለሌላ ሥራ ገዝቼ ያስቀመጥኩት አንድ አዲስ ኤስ ኤስ ዲ ስለነበረኝ እሱን አመጣለሁ አልኩ፤ ትምህርት ቤቱ በኋላ ተካልኝ።

ሐሙስ ማለት ፍልሰታ የገባ ሰሞን ነው። እትዬ ጾመኛ ናቸው፤ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት ልንጨርስ ተስማማን። በሩ ላይ «ዛሬ አገልግሎት የለም» ብለን ለጠፍን። ካቻቢቴዬን፣ ገመዶቼንና አንድ የቀለም ብሩሽ ይዤ ገባሁ። የኮምፒውተሩን ጎን ስከፍተው እትዬ አማተቡ። ውስጡ የሰፌድ ጥራጊ የተደፋበት ይመስል ነበር። አቧራው ወፍሮ፣ ማራገቢያው ላይ እንደ ፀጉር ተጠምጥሟል።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ይኼን ተሸክሞ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ላይ የማዘን ነገር ነበረበት። ብሩሹን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው ራሳቸው ጠረጉት። እኔ እንኳ እንደዚያ አላጸዳውም።

ከዚያ አዲሱን ዲስክ በገመድ አገናኘሁና የግልባጭ ሥራውን አስጀመርኩ። እትዬ ወንበራቸውን አስጠግተው ቁጥሩን ያያሉ። አሥር በመቶ። ሃያ። ሠላሳ ሰባት ላይ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ፤ ተነሥተው «ነገ ና የኔ ጌታ» ብለው ሸኙት። ስድሳ አንድ ላይ ቁጥሩ ቆመ።

አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ያ ጥርስ የማፋጨት ድምፅ መጣ፤ አሁን ክዳኑ ስለተከፈተ ጎልቶ ይሰማል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ እትዬ።

«አንዱ ቦታ ተጎድቷል። እዚያ ሲደርስ ማንበብ አቅቶት ነው።»

«ይሞታል?»

«ካስጨነቅነው ሊሞት ይችላል። አናስጨንቀውም።»

አጠፋሁት። እውነት ለመናገር የፈረምኩበት ወረቀት ዓይኔ ላይ መጣ። ግን የማደርገውን አውቅ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መገልበጡን ትቼ፣ ዲስኩ ቀዝቅዞ ሲያርፍ አስፈላጊውን ብቻ፣ አንድ በአንድ ማውጣት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አሳረፍነው። በመካከሉ አዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው መነጋገር አልቻልንም። እትዬ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያ አሮጌውን ቀሰቀስነው። የቅርቡን ዓመት ፎልደር መጀመሪያ አወጣሁ፤ ወጣ። ቀጥሎ ያለውን፤ ወጣ። እትዬ እያንዳንዱ ሲያልፍ «ተመስገን» ይላሉ፣ እኔ ቀጣዩን እጭናለሁ። እንዲህ እያልን አንድ ፎልደር ብቻ ቀረን፤ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተመረቁት የአራት ክፍል ተማሪዎች ውጤት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቴም ቀጭ ቀጭ ብሎ ቆመ። አራተኛውን አልሞከርኩም።

እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። «እትዬ፣ ይህ አልወጣም» አልኳቸው። ማድበስበስ አላሰኘኝም።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ብድግ አሉና የብረት ሸልፉን የታችኛውን መሳቢያ ሳቡት። ከውስጡ በሲባጎ የታሰሩ ትልልቅ የወረቀት ጥራዞች አወጡ፤ ሮስተር የምንለው፣ የየክፍሉ ተማሪ ስምና ውጤት በሰንጠረዥ የሚሰፍርበት ወረቀት ነው። አንዱን መርጠው ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረጉት።

«እኔ ይህን ማሽን አንድም ቀን አምኜው አላውቅም» አሉ። «በየዓመቱ እያተምኩ አስቀምጣለሁ። ዘበኛው ሳይቀር ወረቀት አባከንሽ ብሎ ስቆብኛል።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ አቅፌ ሳምኳቸው። ቅዳሴው ደርሶ ነበርና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ዓርብና ሰኞ ከሰዓት በፊት ሁለታችን ተቀምጠን ያን ፎልደር በእጅ መለስነው። እሳቸው ከሮስተሩ ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሥራው አሰልቺ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። እትዬ ውጤት ብቻ አላነበቡም። «ሒሳብ ሰባ ስምንት፤ ይቺ አሁን ወረታ አግብታ ሱቅ ከፍታለች። ፊዚክስ ስድሳ ሁለት። ይኼኛው ደግሞ ልብስ ሳይቀር የሚሰፋ ልጅ ነበር፤ አሁን ሐኪም ነው። ባዮሎጂ ዘጠና አንድ፤ እንዴት አይሆን!» አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የመጀመሪያው መንፈቅ ብቻ የተሞላ፣ ሁለተኛው ባዶ የሆነ መሥመር ነው። «አባቱ ሞቶበት ወደ እርሻው ተመለሰ» አሉ። «ጎበዝ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲሆን ይመጣል ብዬ ቦታውን አሰብኩለት።» ጣታቸውን መሥመሩ ላይ እንዳኖሩ ትንሽ ቆዩና ወደሚቀጥለው አለፉ። እኔም ባዶውን ባዶ አድርጌ ጻፍኩት።

ልንጨርስ ስንል መሳቢያውን እንደገና ሳቡና ሌላ፣ ያረጀ ጥራዝ አወጡ።

«ይኼ እንኳ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ወጥቷል። ለጨዋታ ነው» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። «አማርኛ ሰማንያ አራት። እንግሊዝኛ ሰባ ሦስት። ታሪክ ሰባ ዘጠኝ። አይሲቲ…» ቀና ብለው አዩኝ። «አይሲቲ ሃምሳ አንድ።»

«የማን ነው?» አልኩ፣ ገብቶኝ ሳለ።

«የአንዲት መምህርት ነው። ማሽኔን ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ የበተነችው።»

እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። በእኛ ጊዜ ለሃያ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁመቴ አጭር ስለሆነ ከኋላ ቆሜ የሰው ትከሻ ብቻ ሳይ ነው ዓመቱ ያለቀው። ያን ውጤት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝና ቀጥሎ ሳቅ መጣብኝ።

«እና ይህን እያወቁ ነው እንድነካው የፈቀዱልኝ?»

«እህስ! ሃምሳ አንድ ይዞ ያለፈ ሰው ነዋ ከዚያ በኋላ የሚተጋው። መቶ ያመጣውማ ይተኛል።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ነገር ቦታው ገብቶ ነበር። አዲሱ ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ አሮጌው በካኪ ፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ። ርዕሰ መምህሩም ሊያይ መጣ። እትዬ ማብሪያውን ተጭነው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መጽሐፏን ገለጡ። ገና ማማተባቸውን ሳይጨርሱ ስክሪኑ ተከፍቶ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። እትዬ ስክሪኑን አዩ፣ መጽሐፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጸሎቴን አስጣልሽኝ እኮ!»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እትዬ ግን ከምር ነበር ያሉት። ሁለት ሦስት ቀን ግራ ሲገባቸው አየሁ። በመጨረሻ ሁለት ሰዓት ላይ ከዘበኛው እኩል መምጣት ጀመሩ፤ ደግመው ጨርሰው ነው አሁን ማሽኑን የሚነኩት። «የማርያምን ሰዓት ማሽን አይወስንልኝም፤ ድሮም ስህተት ነበር» አሉኝ።

ከቡሄ በኋላ ሰው ጎረፈ። ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን በሩ ላይ የተሰለፈውን ቆጥሬ ሃያ ሦስት ሰው አገኘሁ፤ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ አንድም ሰው ነገ ና አልተባለም። ከላይ ጋይንት የመጡ አንድ ሽማግሌ የልጃቸው ወረቀት ቶሎ ሲወጣላቸው ተጠራጥረው «ልጄ፣ ይኼ የእርሱ ነው? በደንብ አየሽው?» ብለው እትዬን ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው።

ጥቅምት ላይ ርዕሰ መምህሩ የግዥውን ነገር ጨረሰና የንብረት ክፍሉንና የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮችም እንድቀይር ሁለት ኤስ ኤስ ዲ አስረከበኝ። ለመሥራት ወደ ንብረት ክፍሉ ስገባ እትዬ ተከትለውኝ ገቡ። ነጠላቸውን ከወገባቸው አስረዋል።

«ካቻቢቴውን አምጪው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ፣ እኔ…»

«አምጪው አልኩ። እስከ መቼ ሰው ስጠራ እኖራለሁ?»

ሰጠኋቸው። የጎኑን ክዳን ራሳቸው ፈቱት። ብሎኖቹን ነጭ ወረቀት ላይ በወጡበት ቅደም ተከተል ደረደሩ፤ በዚያ ሐሙስ እንዲያ ሳደርግ አይተውኝ ነበር። ግልባጩ ሲያልቅ ገመዱን ከአሮጌው ነቅለው አዲሱ ላይ ሊሰኩ ሲሉ አንዴ ተገላቢጦሽ አዙረውት እምቢ አላቸው። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ዝም በይ ብለው በዓይናቸው ገሠጹኝ። ገመዱን አውጥተው ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት፣ አገላበጡት፣ ሰኩት። ቀጭ ብሎ ገባ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ በግርምት ያይ ነበር።

«እትዬ፣ ይህንንም ይችላሉ እንዴ?»

«ምን ከባድ ነገር አለው?» አሉት ሳይዞሩ። «ይልቅስ ያን የስልክህን መብራት አብራልኝ፤ ይቺን የመጨረሻዋን ብሎን ላጥብቃት።»

የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር እኔ አልነካሁትም።